የክት ጆሮ

ከእንጅባራ ከተመለስሁ ጥቂት ሳምንታት ሆኑኝ። የማኅበራችን ሴቶች በተገናኘን ቁጥር «እስኪ ያን አገር ንገሪን» ይሉኛል፤ እኔ ግን በአፌ ስጀምረው ጉሙ ይቀድመኝና የቀረው ይጠፋብኛል። ስለዚህ ጻፍሁት። ድሬዳዋ ተቀምጦ ያን ብርድ ማሰብ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ሸዋ ደጋ ላይ ተወልጄ፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ ሙቀት ውስጥ ስኖር፣ ብርድ እንዴት አጥንት ድረስ እንደሚገባ ረስቼው ነበር።

የሄድሁት ለአንዲት ሕፃን ብዬ ነው። የወንድሜ ልጅ ማስተዋል አዊ አገር አግብታ እንጅባራ ትኖራለች። ልጇ ትርሲት አራት ዓመት አልፏታል፤ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት በደግ ሰዎች ርዳታ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ኮክሌር የሚሉት መሣሪያ ተተከለላት። ለማታውቁት ልንገራችሁ፦ አንዱ ክፍሉ ከጆሮዋ ኋላ ቆዳዋ ሥር ገብቷል፤ ሌላው ጆሮዋ ላይ ይንጠለጠላል። ከሱ በቀጭን ገመድ የተያያዘች፣ የካፖርት ቁልፍ የምታህል ክብ ነገር ደግሞ በማግኔት ፀጉሯ ላይ ልጥፍ ትላለች። የውጪው ሲደረግላት ትሰማለች፤ ሲወልቅ ዓለሙ ሁሉ ጸጥ ይላል። ያ ሁሉ ተደርጎ ግን ልጅቱ አንዲት ቃል አልወጣትም። ማስተዋል ደውላ «አክስቴ፣ ገመዱ ተበጥሶ ይሆናል መሰለኝ፤ አዲስ አበባ ሐኪም ቤቱ ሌላ አለ ብለዋል» አለችኝ። ድምፅዋ ደስ አላለኝም። መንገዱም ክፍት ነው ሲባል ሰማሁና ገመዱን ላደርስላት ተነሣሁ።

ረቡዕ

ጓዜ አንድ ሻንጣ ነበር፦ ሁለት የዘወትር ቀሚስ፣ አንድ ጋቢ፣ ውዳሴ ማርያሜ፣ ለልጅቱ አሻንጉሊት። ከሥር ደግሞ በነጭ ጨርቅ የጠቀለልኋት የክት ቀሚሴ። እሷን የማታውቋት ካላችሁ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የለበስኋት ለጥምቀትና ለልጄ ሠርግ ብቻ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ላይ ያስፈልገኛል ብዬ ነው የያዝኋት።

አውቶቡሱ ውስጥ ረዳቱ «እናት፣ ሻንጣሽን ወደዚያ በይው!» ሲለኝ ፈገግ አልሁ። የኛ ድሬዳዋ እንዲህ ናት፤ ትንሽ የለ፣ ትልቅ የለ፣ ሁሉም አንተ ሁሉም አንቺ። በኋላ እንጅባራ ገብቼ አንዲት ድንች ሻጭ «እርስዎ ከየት ነዎት?» ብላ ስትጠይቀኝ ሰው ተሳስታ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞሬያለሁ።

ሐሙስ

አዲስ አበባ ሐኪም ቤቱ ውስጥ በመስማት ክፍል የምትሠራው ልጅ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ዓይኗ የደከመ፣ ንግግሯ ግን የተረጋጋ ነው። ገመዱን በትንሽ ከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ፤ ሰጥታኝ ግን እጇን ከላዩ አላነሣችም።

«እናቴ፣ ችግሩ ገመዱ አይመስለኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«መሣሪያው ስንት ሰዓት ጆሮ ላይ እንደዋለ ራሱ ይመዘግባል። ባለፈው ሲመጡ አየሁት። ይቺ ልጅ ሦስት ሰዓት ነው የምትሰማው።»

«በቀን ሦስት ሰዓት ያንሳታል ማለትሽ ነው?»

«በሳምንት ነው።»

የሳምንቱን ቀኖች በጣቴ ቆጠርሁ። እሷም ትንሽ ጠበቀችኝ።

«ለእናቷ ነግሬያታለሁ፤ አቀርቅራ ሰማችኝና ሄደች። ሕፃን ቃል የሚለምደው ቀኑን ሙሉ ሲወራለት ነው። ሲበላ፣ ሲታጠብ፣ ሲቆጡት፣ የሚረባውም የማይረባውም። ማሽኑ ድምፅ ይሰጣል እንጂ ቃል አይሰጥም፤ ቃል የሚሰጡት ቤተሰቦቿ ናቸው። ይህ የሚሆንበት ዕድሜ ደግሞ አለ። ትርሲት አራት ዓመት አልፏታል፤ እያደር ይከብዳል።»

«በምን ቋንቋ ነው የሚወራላት? የቤቱ ሰዎች አማርኛም አዊኛም ይናገራሉ።»

«በሚስቁበት ቋንቋ» አለችኝ፤ እጇንም ከከረጢቱ ላይ አነሣች።

ያን ቀን ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ ደጁ ላይ ብዙ ቆምሁ። የቀሩት ሰዓቶች የት ነው የሚሄዱት? ልጅቱ ማሽኑን እየጣለች ይሆን? ሰው ወስዶባቸው ይሆን? ጭንቀቴን ለእመቤቴ ነግሬ ወደ ማረፊያዬ ሄድሁ።

ዓርብ

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጆሮዬን ደፈነኝ። ምራቄን ብውጥም አልከፈት አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ስለ ጤፍ እያወሩ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ቃሉ ግን ከሩቅ፣ ከውኃ ሥር እንደሚመጣ ሆነ። ገደሉም፣ ድልድዩም፣ ጦጣዎቹም ያለ ድምፅ አለፉ። አልፈራሁም፤ እንዲያውም እንደ እንቅልፍ ደስ የሚል ነገር ነበረው። ሰውዬው ሲስቁ እኔም ሳቅሁ፤ በምን እንደሚስቁ ግን አላወቅሁም። ደጀን ወጥተን ጆሮዬ ጧ ብሎ ሲከፈት ደነገጥሁ። ለካ ትርሲት እንዲህ ነው የምትስቅልን ብዬ አሰብሁ፤ ሌላው ስለሳቀ ብቻ።

ደብረ ማርቆስ ላይ የጾም በላን። ባለቤቲቱ የበረደኝን አይታ ሳላዝዝ የዝንጅብል ሻይ አመጣችልኝ። «የቆላ ሰው ነዎት፣ ከንፈርዎ አስታወቀብዎት» አለችኝ። ከቡሬ ወዲያ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። መስከረም እያለቀ ነው፣ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፤ ከመንገዱ ዳር ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ተደርድሮ ቆሟል፣ በሥሩ የከሰል ጆንያ። አጥሩ ቀርከሃ ነው። እንጅባራ ስንደርስ ጉሙ ከተማውን እስከ ቆርቆሮው ክዳን ድረስ ውጦት ነበር።

ከአውቶቡስ ስወርድ ግራ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ባዶውን እግሬን አንሥቼ ቆሜ ሳለሁ ማስተዋል ጃንጥላ ይዛ መጣችና አቅፋኝ አለቀሰች። ለጫማዬ መስሎኝ «ተይ፣ ሌላ አለኝ» አልኋት።

ቤታቸው በር ላይ አማቷ እማማ የሺ ቆመዋል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ወገባቸውን በመቀነት ያሰሩ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፤ የልባቸው ቋንቋ ግን አዊኛ እንደሆነ ከላማቸው ጋር ሲያወሩ ያስታውቃል። ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አቅርበው፣ እምቢ ብልም አጎንብሰው ጭቃዬን አጠቡልኝ። በዕድሜ ታላቄ ናቸው፤ አፈርሁ። ድሬዳዋ ላይ ለእንግዳ ቶሎ ቀዝቃዛ ውኃ ይቀርብለታል፤ እዚያ ለእግር ሙቅ ውኃ ነው።

ትርሲት ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ሆና ታየኛለች። ስናገር ቀረብ አለችና ጣቷን ጉሮሮዬ ላይ አደረገች። ሁለቱም ጆሮዎቿ ባዶ ነበሩ።

ቅዳሜ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለ። በድንች የተሞላ ድስት መጣ፣ ከዳጣ ጋር። እማማ የሺ ከዶሮዎቹ ጋር አወሩ፣ ላሟን ገሠጹ፣ እሳቱን እንኳ «እንቢ አልህ?» አሉት። ለልጅቱ ግን በእጅ ብቻ ነው የሚነግሯት። እሷም በእጇ ትመልሳለች፦ መዳፏን ራሷ ላይ እንደ ሻሽ ስታደርግ አያቷ ናቸው፤ ራሷን እንደ ጋማ ስትነቀንቅ ፈረስ ነው። ብልህ ልጅ ናት፤ እጇ የሚናገረው ብዙ ነው፤ ብቻዋን የፈጠረችው ነው።

ማስተዋልን «ገመዱን አምጥቻለሁ፤ ማሽኑ የታለ?» አልኋት።

ወደ አማቷ ዞር አለች። «አለ አክስቴ። ነገ ይደረግላታል።»

«ለምን ነገ?»

«ነገ እሑድ አይደል» አለችኝ።

እሑድ

ጠዋት እማማ የሺ ሣጥናቸውን ከፈቱ። የአሪቲ ሽታ ቤቱን ሞላው። መጀመሪያ ነጠላቸውን አወጡ፤ ከነጠላው እጥፋት ውስጥ ነጭ መሐረብ፤ ከመሐረቡ ውስጥ ትንሽ ሣጥን፤ ከሣጥኑ ውስጥ ማሽኑን። በጨርቅ ወለወሉት፣ አማተቡ፣ ልጅቱን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ጆሮዋ ላይ አደረጉላት።

«ይኸው የክቷ!» አሉ፣ ወደ እኔ በኩራት ዞረው። «ይቺን ታህል ጭረት አታገኙበትም። እንደመጣ ነው።»

የቀሩት ሰዓቶች የት እንደሚሄዱ ያኔ ገባኝ። እኔም በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ በኖረች የክት ቀሚሴ ውስጥ ነበር የቆምሁት።

ቤተ ክርስቲያን ከበሮው ሲመታ ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች፣ በሁለት እጇ የአያቷን ጣት ይዛ ተንቀጠቀጠች። ለአፍታ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የምትሰማው ሁሉ ቅዳሴና ማሕሌት ብቻ የሆነ ነፍስ አሰብሁ፤ ሐሜት ያልገባበት፣ ስድብ ያልደረሰበት ጆሮ። ከዚያ ፊቷን አየሁት። ቅዳሴውን አልነበረም የምትሰማው፤ ቃል የሌለው ነጎድጓድ ነበር። በሷ ዓለም ስድስት ቀን ሰው ሁሉ ዲዳ ነው፤ በሰባተኛው ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻል። እናቷ ስሟን ስትጠራ ሰምታ አታውቅም፤ ስሟ የሚጠራው በዘወትር ቀን ነዋ።

ቤት እንደገባን ማሽኑ ወለቀ፣ ተወለወለ፣ ወደ መሐረቡ ተመለሰ። ሰዓቴን አየሁ፦ ማሽኑ ጆሮዋ ላይ የቆየው ልክ ሦስት ሰዓት ነው።

ማስተዋል ከጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ አጠገቧ ሄድሁ።

«ገመዱ ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው» አለች፣ ከጎመኑ ሳትነሣ። «ገመዱን ያልሁት አንቺ እንድትመጪ ነው። እኔ ለእሳቸው አፍ አልመልስም አክስቴ። ልጄን በጀርባቸው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሰባት ቀን እህል አልቀመሱም። ባሌም ጫግኒ ያስተምራል፣ ሲመጣ ለእናቱ ቃል የለውም። ምን ልበላቸው? ስለወደዷት ተሳሳቱ ልበል?»

ሰኞ

ማስተዋል እኔንና ልጅቱን በሚኒባስ ወደ ዘንገና ወሰደችን። ሐይቁ ክብ ነው፤ ዙሪያውን ደን ከቦታል፣ ወንዝ አይገባበት፣ ወንዝ አይወጣው። እኛ ከተማ ውኃ ማለት ዝናብ ሲመጣ የሚደነፋ፣ ሲሄድ አሸዋ የሚሆን ደረቅ ወንዝ ነው፤ ይህ ግን ሳይንቀሳቀስ ሰማዩን ይዞ ይኖራል። ጉሙ ዝቅ ብሎ ውኃውን ነካውና ሐይቁም ሰማዩም ጠፉ። ትርሲት ድንጋይ ወረወረች። ቀለበቱ እየሰፋ ሲሄድ አየች፤ ጯ ማለቱን አልሰማችም። ወደ እኔ ዞራ ሳቀች።

እዚያ ቁጭ ብዬ እናቴን አሰብኋት። የክት ብላ ያስቀመጠችው ቀሚስ ነበራት፣ ጥበቡ አንገቱ ድረስ። ስትሞት ከሣጥን አወጣነው፤ እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «አዲስ ነው!» እያለ አለቀሰ። ማስቀመጡን የተማርሁት ከእሷ ነው። ታዲያ እኔ ማን ሆኜ ነው እማማ የሺን የምገሥጽ? ምን እንደምል እንዲያሳየኝ ጸለይሁ። ምን እንደምል አላሳየኝም፤ ምን እንደምለብስ ግን አሳየኝ።

ማክሰኞ

እማማ የሺ «የተወለድሁበትን ዳንግላን ሳላሳይዎት አይሄዱም» ብለው ነበር። ጠዋት የክት ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ደጁ ጭቃ ነው።

ደንግጠው አዩኝ። «ምነው እትዬ! ዛሬ ምን በዓል ነው?»

«ማክሰኞ ነው።»

«ይህን ለብሰው ጋሪ ላይ ሊወጡ? ጭቃው እኮ እንጅባራን አይምሰልዎት! ያበላሹታል!»

«ይበላሻላ።»

«ሁለተኛ አለዎት?»

«የለኝም» አልሁ። «እማማ፣ እናቴ የክቷን ሳትለብስ ነው የሞተችው። እኔ ደግሞ ሰባት ዓመት አስቀመጥኋት፤ በዚህ ከቀጠልሁ እንደሷ ለቀብሬ ነው የምትወጣው። ዛሬ እለብሳታለሁ።»

ትርሲት በባዶ ጆሮዋ በመካከላችን ቆማ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

«አውቄብዎታለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «የመጡት ለቀሚስ አይደለም። ያቺ ሐኪሟ ልካዎት ነው።»

«አዎ።»

«ዝናብ ቢመታውስ? ጭቃ ቢወድቅስ? ሌላ ከየት ይመጣል? ለልጄ የተሰጣት እሱ ብቻ ነው። እኔ ጠላቷ ሆኜ ነው የማስቀምጠው?»

«ከሁላችን አብልጠው ስለሚወዷት ነው። ሐኪሟ ግን ዕድሜዋ ይሄዳል፤ እያደር ይከብዳል አለችኝ። ማሽኑ ቢበላሽ ሰው ይለመናል። ዕድሜዋን ግን ማንን እንለምናለን?»

ወደ ውስጥ ገቡ። ሣጥኑ ሲከፈት ሰማሁ። ማስተዋል በር ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ታያለች። ሲወጡ እሳቸውም የክታቸውን ለብሰው ነበር፣ ጥለቱ ቀይ የሆነ ነጠላ። ማሽኑንም ይዘዋል። ልጅቱን በጉልበታቸው መካከል አቁመው አደረጉላት። «ብቻዎን ከሚስቁብዎት» አሉኝ፣ «ሁላችንም ይሳቅብን።»

ዳንግላ ከሚኒባስ ወርደን ጋሪ ያዝን። ባለጋሪው ሽበት ያላቸው፣ አያ ሙሉ የሚባሉ፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩን። «እናንተ ሴቶች፣ ዛሬ ማንን ልትድሩ ነው?»

እማማ የሺ «ማክሰኞን!» አሏቸው። «ንዳ ዝም ብለህ!»

«ሙሽራው ማነው ታዲያ?»

«ረቡዕ ነዋ፣ ሌላ ማን ይወስዳታል?»

አያ ሙሉ ልጓሙን ነቅነቅ አድርገው «ቼ!» አሉ፤ ፈረሱ ተነሣ። ትርሲት ደንግጣ እጇን ወደ ማሽኑ ሰደደች። እማማ የሺ እጇን በእጃቸው ሸፍነው ያዙት። ሰኮናው አስፋልቱን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጋል። ከበሮ አይደለም፤ ሕዝብ አይጮኽም። አንድ ፈረስ ብቻ። ልጅቱ የፈረሱን እግር አየች፤ ጆሮዋን ዘንበል አደረገች፤ እንደገና እግሩን አየች። ፈረሱ ሲቆም ድምፁም ቆመ። አፏን ከፍታ ወደ አያቷ ዞረች፤ ራሷን እንደ ጋማ ነቀነቀች።

ያኔ እማማ የሺ በአዊኛ መናገር ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ ቃል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ማን ያቁማቸው! ጣታቸው ፈረሱን፣ ጉሙን፣ የሱቁን በር፣ ጃንጥላ የያዘውን ሰው ያሳያል፤ አፋቸው ይከተላል። ማስተዋልን «ምን እያሏት ነው?» አልኋት።

«ስም እየነገሯት ነው» አለች፤ እንባዋ ወርዷል። «የሁሉንም። የአያ ሙሉን አፍንጫ ሳይቀር።»

«አዊኛዬ ከአማርኛው ይቀላቀልባታል ብዬ አፌን ያዝሁት» አሉኝ እማማ የሺ ወደ እኔ ዞረው። «ከዓመት በላይ! ከላም ጋር እያወራሁ ከልጄ ጋር ዝም!»

የጋሪው ጎማ ጉድጓድ ገባ። ጭቃው ተነሥቶ ከቀሚሴ ጥበብ ላይ እስከ ጉልበቴ ተለጠፈ። «እመቤቴ!» ብዬ ጮኽሁ፤ አልዋሻችሁም፣ ልቤ ተቆረጠ። ትርሲት ግን ጩኸቴን ሰማችና ከት ብላ ሳቀች። ከሌላው በፊት፣ ብቻዋን፣ በምን እንደምትስቅ እያወቀች።

እማማ የሺ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «በይ እንግዲህ» አሉኝ፤ እርስዎ ማለቱ ቀርቶ፣ «የዘወትር ሆነልሽ!»

ረቡዕ

መሄጃዬ ነው። ልጅቱ ተኝታ ሳለች ተነሥቼ ሻንጣዬን አሰርሁ፤ ሣጥኑን ላለማየት እየሞከርሁ። ማክሰኞ አንድ ቀን ነው። እኔም ከሄድሁ በኋላ ያው እኔው አይደለሁም ወይ፣ ሁሉን ወደ ጨርቁ የምመልስ?

እማማ የሺ በር ላይ ተቀምጠው መርፌ ይዘዋል። ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ቀዩን ጥለት በመቀስ ቆርጠውታል። እየጠመዘዙ ቀጭን ማሰሪያ ሠርተው፣ አንዱን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን የልጅቱ የዘወትር ቀሚስ ትከሻ ላይ እየሰፉ ነው።

«ከጆሮዋ ቢወድቅ ጭቃ እንዳይነካው» አሉኝ። ቀና ብለውም አላዩኝም። «ስትዘል ትውላለች፤ እንዴት ያለች ልጅ እንደሆነች አታውቂ።»

ማስተዋል እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ገመዱን ለመጠባበቂያ ትቼላት መጣሁ። አዲስ አበባ አደርሁ፤ ሐሙስ ድሬዳዋ ገባሁ። ሙቀቱ በር ላይ ተቀበለኝ፤ ጎረቤቴም «አንቺ፣ ይህ ቀሚስ ምን ነካው?» ብላ ከሩቅ ጮኸችብኝ። ታጥቧል፤ ጭቃው ግን ከጥበቡ አልለቀቀም። አሁን ገበያም የምወጣው በሱ ነው።

በነዚህ ሳምንታት በየማታው ጸሎቴ አንድ ነገር ስለምን ነበር፦ የትርሲት የመጀመሪያ ቃል «አሜን» እንዲሆን። ይህን ማለት ያሳፍረኛል፤ ለእግዚአብሔር እንኳ የክት ቃል መርጬ ነበር። ትናንት ኔትወርኩ ሲመለስ ከማስተዋል የድምፅ መልእክት ገባልኝ። መጀመሪያ የሰኮና ድምፅ አለ፣ ከሩቅ። ከዚያ ኮቴው ይቆማል። ትንሽ ጸጥታ። ከዚያ አንዲት ቀጭን፣ የተቆጣች የምትመስል ድምፅ፦

«ቼ!»

ሰኮናው ሲነሣ ይሰማል። የአያ ሙሉ ሳቅ፣ የማስተዋል ልቅሶ። ከሁሉ በላይ የእማማ የሺ ድምፅ፣ አፋቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው፦

«ሰማሽ አንቺ? ሐሙስ ነው ደግሞ!»